ኮሪያ ደጋ ናት ወይስ ቆላ?

እስቲ ፍረዱኝ። ሰው ለጋብቻ ሽማግሌ ሲልክ ምን ምን ይጠየቃል? የማን ልጅ ነው? ሥራው ምንድን ነው? ይሰግዳል ወይ? ጠባዩስ? አለቀ። ለዚህ ሁሉ መልስ ነበረኝ። አባቴን መካነ ሰላም ውስጥ የማያውቀው የለም። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። እሰግዳለሁ። ጠባዬንም ፈተና የወደቁ ተማሪዎቼን ካልጠየቃችሁ በቀር የሚያማው አይገኝም። እኔን ጉድ የሠራኝ ከአዳም ጀምሮ ማንም ሙሽራ ተጠይቆት የማያውቅ ጥያቄ ነው፤ "የምትወስዳት አገር ደጋ ነው ቆላ?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሪያ ሄጄ እንድማር ዕድል ወጣልኝ። ደቡቧ ናት፤ ሰሜኗ እንግዳ አትወድም ይባላል። ሰሚራ የምትባል ልጅ ደግሞ አለች። ፋርማሲ ነው የምትሠራው። ከሷ ጋር ለመተዋወቅ ስል ራሴን ሳያመኝ የገዛሁት የራስ ምታት ክኒን አንድ ጤና ጣቢያ ያስተዳድር ነበር። ተዋደድን፣ ተነጋገርን፣ ተስማማን። "ኒካሕ አስረህ ከመጣህ ባለቤትህን ይዘህ መሄድ ትችላለህ" ተባልኩ። ጉዞው ክረምቱ ሳይወጣ ነው። እንግዲህ የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቷ ሐጂ ይማም "እሺ" እንዲሉ።

ሐጂ ይማም ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ክፉ ናቸው የሚል ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ የምጣላው። ግን ሐጅ ያደረጉት በሙቀቱ ወራት ነበር። "ፀሐይዋ ከራሴ በላይ አንድ ክንድ ነበረች" ይላሉ። "ኢባዳው፣ ስግደቱ፣ ጣፋጭ ነው፣ አልሐምዱሊላህ፤ አየሩ ግን ለደገኛ አልተሠራም።" ከዚያ ወዲህ ለሐጂ ዓለም ሁለት ሆነች። አንደኛዋ መካነ ሰላም ናት፤ ሌላው ምድጃ ነው።

ደገኛ ቆላን ሲፈራ አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ወደ አባይ ሲወርዱ ነጭ ሽንኩርት በኪሳቸው ይዘው፣ ቤተሰባቸውን "አፉ በሉኝ" ብለው ተሰናብተው ነበር። ዛሬ ሽንኩርቱ ቀርቶ ፍርሃቱ አለ። እና አንድ አባት ልጁን ውጭ አገር ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚመጣበት ዩኒቨርሲቲው አይደለም፣ ወባው ነው።

ሽማግሌዎቼ ሊሄዱ በተዘጋጁበት ጠዋት፣ ዋናው ሽማግሌ ጋሽ ሰይድ ቤቴ መጡ። አከራዬ ናቸው፤ ምላሳቸው ለሽምግልና የተፈጠረ ነው። "ሐጂ ስለ አየሩ መጠየቃቸው አይቀርም። አገሩ ደጋ ነው አይደል?" አሉኝ። ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር። ከዚያ በፊት ባየሁት አንድ ሥዕል ላይ የኮሪያ ተራራ አይቻለሁ። ተራራ ካለ ደጋ ነው፤ ወላሂ ከዚህ የበለጠ አላሰብኩም። "ደጋ ነው፣ ጋሽ ሰይድ" አልኩ። ሸሚዙ እንዳይቃጠል ስጠነቀቅ ሌላውን ነገር አቃጠልኩት።

ጋሽ ሰይድ ሐጂ ፊት ቆመው፣ በወጉ "ልጅዎን ለልጃችን" ካሉ በኋላ ጥያቄው እንደተፈራው መጣ። "አገሩ ምን ዓይነት ነው?" እሳቸውም "ኧረ ሐጂ፣ ደጋ ነው! ቁርጥ መካነ ሰላም!" አሉ። እዚህ ላይ ቢያበቁ ምን ነበረበት? ሞቅ ሲላቸው ከራሳቸው ጨመሩበት። "ገብሱ፣ ባቄላው፣ በጉ ሳይቀር የኛው ነው አሉ!"

ሐጂ "ማሻአላህ" ብለው ጢማቸውን ዳሰሱ። "እንግዲህ እናስጠይቅና ከጁምዓ ወዲያ ጁምዓ ተመለሱ።"

"እናስጠይቅ" የምትለዋን ቃል ጋሽ ሰይድ እንደ መልካም ዜና ይዘውልኝ መጡ። እኔ ግን ማን ማን እንደሚጠየቅ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ።

መካነ ሰላም ውስጥ ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ፈልጋችሁ አታገኙም። ሁሉም አንድ አንድ አገር ያውቃል፤ ያቺን አንድ አገር ይዞ ስለ ዓለሙ ሁሉ ይመሰክራል። ሻይ ቤት ያላት ከድጃ ልጅዋ ኩዌት ናት። "ውጭ አገር ማለት እንቁላል መኪና ላይ የሚጠበስበት ነው" ትላለች። የፀጉር አስተካካዩ ወንድም ስዊድን ነው። "ምራቅህን ስትተፋ መሬት ሳይደርስ ጠጠር ይሆናል፤ ፀሐይም ለዓመት በዓል ብቻ ነው ብቅ የምትለው" አለኝ። ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ስለነበር አልተከራከርኩትም። የጭነት መኪና ሾፌሩ ደግሞ ጅቡቲ ደርሶ የተመለሰ ሰው ነው። "ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ጅቡቲ ነው" ይላል። ከዚያ ወዲያ ግን አልሄደም።

በዚያ ሰሞን በኔ ምክንያት ዓለም በሙሉ አካባቢያችን ውስጥ ተደለደለች። እንግሊዝ በሐምሌ ያለችው ኩታበር ናት፣ ጭጋግና ጃንጥላ። ሳውዲ አባይ ዳር ነው። ለካናዳ የሚሆን ቦታ ቢፈለግ ቢፈለግ ታጣና የሥጋ ቤቱ ፍሪጅ ናት ተብሎ ታለፈ። ከአየሩ ደግሞ ወደ ጠባይ ተሄደ። ብርድ አገር ያለ ሰው ሰላምታ የማይሰጠው አፉን ሲከፍት ሙቀቱ ስለሚወጣበት ነው። ሙቀት አገር ያለ ሰው የሚጮኸው ቶሎ ተናግሮ ጥላ ሥር ለመግባት ነው። ጣሊያን በእጁ የሚያወራው አየሩ መካከለኛ ስለሆነ ነው፤ እጁን ከኪሱ ቢያወጣ አይበርደውም። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤት ስሄድ ነው።

ግን እኛ ብቻ አይደለንም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። የከድጃ ልጅ ኩዌት የገባች ዕለት አሠሪዎቿ "አንቺ አፍሪካዊት ነሽ፣ ሙቀት ለምደሻል" ብለው ማቀዝቀዣ የሌለበት ክፍል ሰጧት። ሙቀት ለምደሻል! እዚህ እያለች በሰኔ ሹራብ ለብሳ፣ በሐምሌ ሁለት ደርባ የምትተኛ ልጅ! ከድጃ ይህን ስትነግረኝ ሳቋን ጀምራ መሐል ላይ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሰው የማያውቀውን አገር አየር በድፍረት ሲናገር የሚጎዳው ሌላ ሰው ነው። ይህን ስሰማ እኔው ራሴ ትዝ አልኩኝና ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ኮሪያን በተመለከተ ግን ምስክር ጠፋ። እፎይ ልል ስል ሰሚራ ደወለች፤ በሹክሹክታ ነው።

"ጉድ ፈልቷል" አለችኝ። "አባቴ ድራማ ማየት ጀመረ።"

ሐጂ ቤት ማታ ማታ የኮሪያ ተከታታይ ድራማ ይታያል። ሐጂ እስከዚያ ቀን ጀርባቸውን ሰጥተውት ነበር የሚቀመጡት። አሁን "ልጄ የምትሄድበት አገር ነው" ብለው መነጽራቸውን አድርገው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ድራማው ላይ ልጁና ልጅቱ መንገድ ላይ ተያዩ፤ በረዶ ወረደባቸው። ተጣሉ፤ በረዶ ወረደባቸው። ታረቁ፤ ያው በረዶ። ሐጂ መነጽራቸውን ጠርገው፣ "እዚህ አገር ሰው ሲዋደድ በረዶ ይወርድበታል እንዴ?" አሉ።

"አንተ ግን ምን ነክቶህ ነው ደጋ ነው ያልከው?" አለችኝ ሰሚራ።

"ተራራ አይቼ ነው።"

"ተራራ አይተህ! አባቴ ሙቀትም ይችላል፣ ብርድም ይችላል። ውሸት ከሰማ ግን አለቀልን፤ ዕወቀው።" ስልኩን ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜዬ ምኑ ይነገራል። የጂኦግራፊው መምህር ጌታቸው ስልኬ ላይ የአየር ሁኔታ የሚያሳይ ነገር ጫነልኝና ሰላሜን ወሰደው። ክፍል ውስጥ እኩልታ እየጻፍኩ አያለሁ፤ ኮሪያ ላይ የእሳት ቀለም ያላት ፀሐይ። ከሶላት በኋላ አያለሁ፤ ፀሐይዋ እዚያው ናት። መስኮቴን ስከፍት መካነ ሰላም በጭጋግ ተጠቅልላለች፤ እዚያ ግን ይነዳል። "በረዶው የታለ ታዲያ?" ብዬ ስጠይቀው ጌታቸው "ቆይ እስከ ታኅሣሥ፤ በክረምታቸው ወንዝ ይደርቃል፣ ማለቴ ይጋገራል" አለኝ፤ እየሳቀ ነው። አንድ አገር ወይ ይሞቃል ወይ ይበርዳል፤ ሁለቱንም ምን አስያዘው? ለሐጂ ቆላ ነው ብላቸው ወባ፣ ብርድ ነው ብላቸው በረዶ፣ ሁለቱንም ነው ብላቸው እብድ። ጋሽ ሰይድ "አብሽር፣ አይዞህ፣ አላህ ያውቃል" ይሉኛል፤ ያ ገብስና ባቄላ ግን የማን እንደሆነ እንኳ ረስተውታል።

ሐጂ በመጨረሻ መልእክት ላኩ። "ወሬ ሰለቸኝ። እዚያ ያለ ሰው አምጡልኝ፣ በዓይኔ ልየውና ልጠይቀው።"

በሰው በሰው ቢንያም የሚባል የደሴ ልጅ ተገኘ፤ ኮሪያ የሚማር ነው። ደወልኩለትና ችግሬን አስረዳሁት። አደራ፣ ሲደወልልህ ሹራብ ነገር ልበስ፣ ብርድ ብርድ ይበልህ አልኩት።

"ወንድሜ፣ እዚህ እኮ ሰው ቆዳውን አውልቆ መስቀል ነው የቀረው" አለኝ። "ደግሞ 'አፍሪካዊ ሆነህ ሙቀት ትፈራለህ?' እያሉ ይስቁብኛል።"

"ለኒካሕ ነው፣ ቢንያም። ለኒካሕ።"

"እሺ፤ ለኒካሕ ከሆነ እቃጠላለሁ" አለ።

ቀኑ ደረሰ። ከጠዋት ጀምሮ የጀመረው ዝናብ፣ ሽማግሌዎቹ ሐጂ ቤት ሲገቡ ወደ በረዶ ተለወጠ፤ ቆርቆሮው ይንኳኳል። በወጉ ቢሆን አግቢ ሽማግሌ በላከበት ቤት ደጃፍ እንኳ መታየት የለበትም። ግን የጋሽ ሰይድ ስልክ ቁልፍ ያላት ናት፣ ምስል አታሳይም። "ልጁ ስልኩን ይዞ ይግባ" ተባለ። በሩ አጠገብ ኩርምት ብዬ ተቀመጥኩ። የጓዳው መጋረጃ ሥር የሰሚራን እግር አየሁት፤ አጠገቧ የእናቷ የእትዬ ዘሃራ ጫማ አለ። እግሯን ሳይ ይበልጥ ፈራሁ።

ደወልኩ። ቢንያም ብቅ አለ። ያ ሰላም! ወፍራም ጃኬት፣ አንገቱ ላይ የሱፍ ሻርፕ፣ እስከ ቅንድቡ የተጎተተ የሱፍ ኮፍያ። ሹራብ ነገር ነው ያልኩት፣ እሱ የብርድ ሱቅ ከፍቶ ጠበቀን። ጋሽ ሰይድ "ደገኛ!" ብለው አንሾካሾኩ።

ሐጂ ስልኩን ወስደው ወደ መነጽራቸው አስጠጉ። "እንደምን አለህ፣ ልጄ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ሐጂ" አለ ቢንያም። ክርስቲያን ነው፤ ግን የደሴ ልጅ ነው።

"አገሩ እንዴት ነው?"

"ተስማሚ ነው። ቁርጥ መካነ ሰላም።"

ይህን ሲል አንድ የላብ ዘለላ ከኮፍያው ሥር ወጣች። በአፍንጫው ወረደች፣ አገጩ ላይ ተንጠለጠለች። ከበስተኋላው ማራገቢያ ይሽከረከራል፤ ወደሱ በዞረ ቁጥር የሻርፑ ጫፍ ብድግ ይላል። ልቤ አብሮት ብድግ ይላል።

"ምነው ታዲያ ያልብሃል? አሞሃል?"

"ኧረ ደህና ነኝ።"

"ልጄ፣ ደጋ ላይ ተቀምጦ ያላበው ሰው ወይ ታሟል ወይ ዋሽቷል። አንተ የትኛው ነህ?"

ያ ረቢ ኔትወርኩን አጥፋልኝ አልኩ። ጭጋግ ሲያይ እንኳ የሚሸሽ ኔትወርክ፣ ያን ቀን በረዶ እየወረደበት ፍንክች አላለም።

"ሐጂ፣ ይማሩኝ፣ ልሞት ነው!" አለ ቢንያም ድንገት። ኮፍያው ሄደ፣ ሻርፑ ሄደ፣ ጃኬቱ ሄደ፤ እጅ በሌለው ካናቴራ ቀረ። አንድ ጠርሙስ ውኃ አንስቶ አናቱ ላይ ገለበጠው። "እውነቱን ልንገርዎ። አሁን እሳት ነው። ከጥቂት ወር በኋላ ደግሞ በረዶ ነው።"

"በአንድ አገር?"

"በአንድ አገር! ግን ሐጂ፣ መሐሉ ላይ ያለውን ጊዜ ቢያዩት፣ አበባው ብቻ..."

ኔትወርኩ ያኔ ጠፋ። አበባው ላይ ሲደርስ።

ቤቱ ውስጥ የቆርቆሮው ድምፅ ብቻ ቀረ። ሐጂ ስልኩን መለሱልኝ። "ደጋ ነው ያለው ማን ነው?" አሉ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደኔ ዞሩ፤ ገብሱን የጨመሩት ጋሽ ሰይድ ጣራውን ይመለከታሉ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ቆላ ቢሆን ቆላ ነው ትለኛለህ፤ እመክርበታለሁ። በረዶ ቢሆንም እንደዚያው" አሉ ሐጂ፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "ነገ ሰው አገር ወስደሃት ልጄ ብትታመም፣ ስደውልልህ 'ደህና ናት' እንደማትለኝ በምን አውቃለሁ?"

እውነታቸውን ነው። ስለ አየር የተጠየቅኩ መስሎኝ ስንት ቀን ስጨነቅ፣ ሰውየው የጠየቁኝ ስለ ልጃቸው ኖሯል። ጋሽ ሰይድ በቀስታ ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ሽማግሌ ሲነሣ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። መጋረጃው ሥር የሰሚራ እግር ሲርቅ አየሁ።

መጋረጃው ያኔ ተገለጠና እትዬ ዘሃራ ወጡ። መንገድ ላይ ሳገኛቸው ከሰላምታ በቀር ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

"ሐጂ" አሉ፣ "አባቴን ያኔ ምን ብለውት ነበር?"

"የምን አባትሽን?"

"ከአባይ ዳር ሊያመጡኝ ሽማግሌ የላኩ ጊዜ። አባቴ 'ልጄ ቆለኛ ናት፣ ብርድ አታውቅም' ሲልዎ 'መካነ ሰላም ብርድ የሚባል የለም፣ ሰው በነጠላ ነው የሚያድረው' አላሉትም?"

ጋሽ ሰይድ ተመልሰው ተቀመጡ።

"ያኔ... ያኔ በጋ ነበር" አሉ ሐጂ።

"በጋ ነበር! ሐምሌ ሲገባ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ብጠይቅዎ 'ዘንድሮ ብቻ ነው' አሉኝ። በዓመቱ ብጠይቅዎ 'ዘንድሮ ብቻ ነው'። ወለድን፣ አሳደግን፣ ይኸው ልጅ ልንድር ነው፤ አሁንም ዘንድሮ ነው!"

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ለማፈን ሞከሩ፤ አልቻሉም። ሐጂ ራሳቸው ጢማቸው ተንቀጠቀጠ፤ ግን አልሳቁም። እትዬ ዘሃራም አልሳቁም። ወደኔ ዞሩ።

"አንተ ልጅ፣ አየሩን ተወው፤ እሱን የሚያመጣው አላህ ነው። ልጄ በበረዳት ቀን ምን ትላታለህ?"

ያነበብኩት ሁሉ አእምሮዬ ላይ መጣ። ኮሪያ ቤቱ ከወለሉ ሥር ይሞቃል። ጃኬት አለ፣ ጓንት አለ። ይህን ሁሉ ልል አፌን ከፍቼ የወጣው ሌላ ነው።

"ይበርዳል እላታለሁ፣ እማማ። እኔንም በርዶኛል እላታለሁ።"

ጋሽ ሰይድ ግንባራቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ይህም መልስ ሆኖ ነው? እኔም የመጨረሻውን ተስፋዬን በአፌ የቀበርኩት መሰለኝ። እትዬ ዘሃራ ግን ዓይናቸውን ከባላቸው ላይ አልነቀሉም።

"ሰሙ ሐጂ?" አሉ ቀስ ብለው። "እኔ ይህቺን ቃል ስጠብቅ ነው ያረጀሁት።"

በረዶው እንኳ ሐጂን ለመስማት ይመስል ጋብ አለ። ሐጂ ተነሡና ከላያቸው ላይ ጋቢያቸውን አውልቀው ለእትዬ ዘሃራ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉት። በሸሚዝ ብቻ ተመልሰው ተቀመጡ፤ መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

"በሉ ዱዓ አድርጉላቸው" አሉ። "ቶሎ በሉ፤ ይበርዳል።"

እትዬ ዘሃራ "አልሐምዱሊላህ" አሉ። ለልጃቸው ኒካሕ ይሁን 'ይበርዳል' ለምትለው ቃል፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም።